ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አባባ ዋሴ

አባባ ዋሴ መሞታቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቷ አዲስ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ሙቀቱ ስታወራኝ ቆይታ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «እኒያ የታሃና መርካዚቱ ሽማግሌ ዐረፉ አሉ፤ የለቅሶው ሰባት ቀንም ወጣ» አለችኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ?» ብላት፣ «እኔስ መቼ ሰማሁ? ደግሞ አንቺ ከሥራ በቀር የምትሄጂበት አለሽ?» አለች። እውነቷን ነው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ የምመላለስ ሰው ሆኛለሁ፤ ከቅርብ ዘመዶቼ ለቅሶም ቀርቼ አውቃለሁ። ከአባባ ዋሴ ለቅሶ መቅረቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባባ ዋሴ በቤር ሼቫ ታሃና መርካዚት፣ በዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ መሳፈሪያውን የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ከሥሩ በጋም ክረምትም የማይለያቸው ግራጫ ኮት አለ። የግራ ዓይናቸው ቆብ ወደ ታች ስለሚወርድ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚጠራጠሩ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይጠራጠሩ ነበር። መልኩ ከጎንደር የመጣውን የኛን ሰው የመሰለ መንገደኛ ካዩ መጥረጊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይጠጉትና «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ሰላምታቸው ይኸው ነው። ሰውየው የአባቱን ስም ሲናገር የአያቱን ይጠይቃሉ። አያቱን ካወቀላቸው የቀረውን እሳቸው ራሳቸው ይነግሩታል። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ ከትንሿ ጣት ጀምረው እየነኩ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰባተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እዚያው ጫን አድርገው «በል፣ አሁን ሰው ሆንክ፤ ሂድ» ይላሉ። በዚህ ምክንያት አውቶቡስ ያመለጠው ወታደር ቁጥር ስፍር የለውም።

ያን ጊዜ እኔና ጓደኛዬ ኤሊ ድረ ገጽ ከፍተን ነበር። ስታርትአፕ የሚለው ቃል በአገሩ ልጅ ሁሉ አፍ ነበር፤ እኛስ ከማን እናንሳለን ብለን ገባንበት። ኤሊ በሠራዊቱ ውስጥ ኮምፒውተር ተምሯል፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የሰው ስሞታ በስልክ እየተቀበልኩ እሠራ ነበር። በሃዒር ሃዓቲቃ፣ በአሮጌው ከተማ፣ ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል አንድ ማኅበር እስከሚቀጥለው ዓመት በጋ መጨረሻ ድረስ ሰጥቶናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በኛ ሕዝብ ዘንድ የሚጋቡ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ዘመዳሞች መሆን የለባቸውም። ወጣቱ ግን አይቆጥርም። ይተዋወቃል፣ ይዋደዳል፣ ሁለት ዓመት አብሮ ይከርማል፤ ከዚያ ሽማግሌ ሲላክ አምስተኛው ቤት ላይ «ወንድሟ ነህ» ይባላል። የስንቱን እንባ አይተናል። አንዱን እኔም አልቅሼዋለሁ። ስለዚህ አስቀድሞ ዘር የሚቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ሠራን፤ ስሙንም «ሰባት ቤት» አልነው።

ጣጣው ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። የሚመዘገበው ሰው የአባቱንና የእናቱን ወገን ወደ ላይ ሰባት ትውልድ እንዲሞላ ይጠይቃል። ማን ያውቃል? እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን ልሞክረው ብዬ አያቴ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ይገባል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ፎቶውን ያስቀምጣል፣ «የአባት አባት» የሚለው ጋ ሲደርስ ወጥቶ ይሄዳል። በሁለት ወር ሙሉውን የሞሉልን አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ የኤሊ ወንድሞች ናቸው። አንዱ ደግሞ ቅድመ አያቶቹን በሙሉ በኳስ ተጫዋቾች ስም የሞላ ቀልደኛ ነው። ኤሊ ግን ማታ ማታ ቁጥሩን እያየ «ይጨምራል» ይል ነበር። እኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወታደሩ ለሰንበት ወደ ቤቱ ሲመለስ ጠብቄ ታሃና መርካዚት ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ማደል ጀመርኩ። ወረቀቱን ይቀበሉኛል፤ አሥር እርምጃ ሄደው ይጥሉታል። በሦስተኛው ሐሙስ አባባ ዋሴ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህንን ወረቀትሽን ሦስት ሐሙስ ጠረግሁት። ለመሆኑ ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና ሳቃቸው መጣ።

«ሰባት ቤት? በኮምፒውተር? ኮምፒውተሩስ የማን ልጅ ነው?»

«የማንም አይደለም፣ አባባ። ሰው የነገረውን ይይዛል።»

«ሰውስ ምን ያውቅና ይነግረዋል? አንቺን ልጠይቅሽ እስቲ። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ የአያቴንም። ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓቸውን መንካት ጀመሩ። ከአያቴ በላይ ያሉትን አምስት ሰዎች፣ ማን በየትኛው መንደር እንደኖረ፣ ማን ሸማኔ ማን ቀጥቃጭ እንደነበረ፣ አንደኛው ደግሞ በጭቅጭቅ አገር ያወቀው እንደነበረ ዘረዘሩልኝ። «ዘር ከልጓም ይስባል፤ ይኸው ጨቅጫቃው ሰው ወረቀት የምታድል ልጅ ወለደ» አሉ። እኔ በማስታወቂያዬ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ራሴ ወገን ያን ያህል ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ ማለት ያሳፍራል፤ ግን አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ የሳቸውና የኔ ቀን ሆነ። እኔ የኤሊን ላፕቶፕ ይዤ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ሰው ያመጣሉ። የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። የሚቆጠርለት ሰው መቆም አለበት፤ «ዘር ተቀምጦ አይቆጠርም» ይላሉ። ሰዓቱን የሚያይ ሰው ካጋጠማቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ በሚመጣው ሐሙስ ናልኝ» ብለው ይሰዱታል። የማያውቁት ቤት ከሆነ ልጁ እዚያው ለእናቱ ይደውላል። እናትየው «ምን አጠፋ?» ብላ ስትደነግጥ፣ አባባ ዋሴ ስልኩን ነጥቀው በጎንደርኛ ሰላምታ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው። አለቃቸው ከወዲያ ማዶ «ዋሴ! ሥራ!» ብሎ ሲጮህ «ሬጋ፣ ሬጋ» እያሉ ቆጠራቸውን ይቀጥላሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዕብራይስጥ ሦስት ቃል ይዘዋል። «ሬጋ»፣ ቆይ ማለት ነው፤ «ቤሴደር»፣ እሺ፤ ሦስተኛው «ማ ፒቶም» ነው፤ እሱም እንዴት ተደርጎ እንደማለት ነው። ሌላ ቃል ሲያስፈልጋቸው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ኤሊ ሊጎበኘን መጥቶ «አባባ፣ አሁን መቶ ሃያ ተጠቃሚ አለን» አላቸው።

«ተጠቃሚ ማለት ምንድን ነው?»

«ድረ ገጻችንን የሚጠቀም ሰው ነዋ።»

«እኔ እስካሁን ያየሁት ሰው ነው» አሉ። «ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ወደፊት ይታያል።»

ኤሊ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሚካልን ያመጧት በፋሲካ ሰሞን ነው። ሽኩና ቫቭ ከሚባለው ሰፈር የመጣች የነርስ ተማሪ ነበረች፤ ትልልቅ ዓይኖች ያሏት፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። በአባቷ ወገን አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ውድነሽ» አሉ። «ምስኪን ሴት። ባሏ ሲሞት ልጇን ለአያቱ ትታ ወንዝ ተሻግራ ቀረች። የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም።» ውድነሽ ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጋዲ የሚባል፣ ቤተሰቡ አሽዶድ የሚኖር ሾፌር ቆሞ ተቆጠረለት፤ በእናቱ ወገን አራተኛዋ አለምነሽ ነበረች። እሷንም ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አስተያይቶ ዘመዳሞች አይደሉም አለ። እነሱም ተጻጻፉ፣ ተገናኙ፣ ተዋደዱ። ጋዲ ከአሽዶድ ቤር ሼቫ እየተመላለሰ የአውቶቡስ ሾፌሮቹን ሁሉ በስም ማወቅ ጀመረ። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ።

የመጀመሪያ ጋብቻችን ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው ሆንን። ማኅበሩ «እስከ በጋው መጨረሻ ሰዉ እንደሚፈልጋችሁ ካላሳያችሁን ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎናል። የሰው ቁጥር ደግሞ ከሐሙስ ወደ ሐሙስ የሚንፏቀቅ ነው። ሠርጉ ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለውን ዘመድ ሁሉ ይሰበስባል። ሚካልና ጋዲ በአዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን የመጣውን ወጣት እንድንመዘግብ ፈቀዱልን። ኤሊ ለመድረኩ የሚናገረውን ንግግር ለሳምንታት ተለማመደ። ለአባባ ዋሴ ስነግራቸው ግን «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ።

ቀለበቱ በሚካል ወላጆች ቤት ሆነ። አባባ ዋሴ ኮታቸውን አስተኩሰው መጡ፤ ቆጣሪው ተብለው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። የጋዲ እናት ተጫዋች ሴት ናት። ከምሳው በኋላ የሚካልን እጅ ይዛ ተነሣች።

«ባገራችን ቢሆን አማት ለምራቷ ስም ታወጣላት ነበር» አለች። «እኔም አልቀርም። የቅድመ አያቴን ስም ሰጥቻታለሁ። አለምነሽ እላታለሁ። እሷም እንዳንቺ ከሌላ ሰው ቤት፣ ባሏ ሞቶባት ወንዝ ተሻግራ መጥታ ነው አሉ። ያን ስም ያወጣችላት አማቷ ናት።»

እልልታው ቀለጠ። አባባ ዋሴ ግን ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«እመቤቴ፣ የፊት ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

«ኧረ ማን ያስታውሳል አባባ! ስንት ዘመኑ!»

ከዚያ በኋላ ምግቡን አልነኩም። እኔ ድካም መስሎኝ ነበር። ሚካል በአዲሱ ስሟ እየተጠራች ስትሳሳቅ ነበርና ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ መጡ። አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው ከታች ይሰማ ነበር። ኤሊ ለመጠባበቂያ ጦር አገልግሎት ተጠርቶ ሄዷል፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ወንበር ሳቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ዝናሽ፣ አንዲትን ሴት ሁለት ሴት አድርጌ ቆጠርሁ።»

«ማንን?»

«ውድነሽን። ኪርያት ጋት ያለች አክስቴ ዘጠና ዓመቷ ነው፤ ትናንት በስልክ ጠየቅኋት። ያችን ሴት አባቷ ያወጣላት ስም ጥሩዬ ነው። የመጀመሪያዋ አማቷ ውድነሽ አለቻት። ባሏ ሲሞት ወንዝ ተሻግራ ሌላ አገባች፤ ሁለተኛዋ አማቷ አለምነሽ አለቻት። አንዲት ሴት ናት፣ ልጄ። ሚካል ከመጀመሪያው ባሏ ልጅ ትወለዳለች፤ ጋዲ ከሁለተኛው። በአራት ቤት ይገናኛሉ።»

ማያ ገጹን አየሁ። ውድነሽ አንድ ቦታ፣ አለምነሽ ሌላ ቦታ ተጽፈዋል። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ስሟ በአማቷ የሚለወጥ ሴት መኖሯን ከየት ያውቃል? እኔ እንኳ አገር ቤት ተወልጄ የሴቶቹን የፊት ስም የምንጠይቅበት ቦታ ፎርሙ ላይ አላደረግሁም። አባባ ዋሴ ግን ያውቁ ነበር። የገዛ ሚስታቸው ስም የወጣው በናታቸው ነው። ለዚህ ነው ራሳቸውን ይቅር ያላሉት።

«ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አልኳቸው። «ጥሪው ተበትኗል።»

«አውቃለሁ። እኔም ተጠርቻለሁ።»

«ከእርስዎና ከአክስትዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው ይቅር፣ አባባ። ጋብቻ የሚያጸድቀው ራባኑት አይከለክላቸውም። ይዋደዳሉ። አራት ቤት፣ ያውም በአንዲት ሴት ብቻ። ማንም አያውቅም።»

ያ የወረደ ዓይናቸው ሳይቀር ተከፍቶ አየኝ።

«ማንም ባያውቅ ይቅር ከተባለ፣ ያን ሁሉ ሐሙስ ምን ስንሠራ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። እውነት ስለተናገሩ ነው የተናደድኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። «የሳቱት እርስዎ ነዎት!» አልኩ። «እኛ ያመንነው እርስዎን ነው። ቢያንስ ከሠርጉ በኋላ ይናገሩ።»

«ከሠርጉ በኋላማ ልጅ ይመጣል» አሉ ረጋ ብለው። «ለልጅ ምን ይባላል? ነይ ተነሽ፣ አብረን እንንገራቸው። እኔ ቆጠርሁ፣ አንቺ ጻፍሽ።»

«እኔ አልሄድም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቤሴደር» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

የሆነውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። በማግስቱ ሽኩና ቫቭ፣ የሚካል ወላጆች ቤት ሄደው፣ ከሕንፃው ደጅ ካለው የአትክልት ቦታ ድንጋይ አንሥተው በትከሻቸው ተሸከሙ። ባገራቸው ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚሸከመው ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር ድንጋዩን ተሸክመው አራት ፎቅ ወጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። የሚካል አባት በሩን ሲከፍት ላብ እያጠመቃቸው እደጁ ተንበርክከዋል። «የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩም፣ ልጆቹም አይደሉም» አሉ። ይነሡ ቢባሉ ነገሩን ተናግረው ሳይጨርሱ አልተነሡም። ከዚያ አውቶቡስ ይዘው አሽዶድ ሄዱ፤ የጋዲ እናት ቤትም እንደዚያው አደረጉ።

ሠርጉ ቀረ። ጋዲ «እኛ ጎንደር አይደለንም» ብሎ ጮኸ አሉ። ሚካል አልጮኸችም አሉ።

የሚገርመው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ወሬው በየከተማው ሲደርስ ሰው ሁሉ ድንጋጤ ያዘው። የኔስ ቅድመ አያት ስንት ስም ነበራት? በአንድ ሳምንት ውስጥ በዓመት ያላገኘነው ሰው ተመዘገበ። እናቶች ሳይቀሩ እየደወሉ «ለልጄ ቁጠሩላት» ይሉኝ ነበር። ኤሊ ከጦሩ ተመልሶ ቁጥሩን ሲያይ በእጁ ወንበሩን ደበደበው፤ ደስታ ይሁን ንዴት አላወቅሁም። ሮጦ ወደ ታሃና መርካዚት ሄደ። አባባ ዋሴ ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው በግራቸው ይጠርጉ ነበር።

«አባባ፣ ሰዉ መጣ! ይምጡ፣ ይቁጠሩልን» አላቸው።

«የሳተ እጅ አይቆጥርም» አሉት።

ለመናቸው። ሽማግሌ ላከባቸው። እንዲያውም አንድ ቀን አሥር ወታደር አሰልፎ ፊታቸው አቆመ። ወታደሮቹን አንድ በአንድ ሰላም አሏቸው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ግን አላሉም። ሌላ ቆጣሪ ፈለግን። አንዱ ያውቃል ግን ይዋሻል፤ ሌላው አይዋሽም ግን አያውቅም። በጋው አለቀና የክፍሉን ቁልፍ መለስን። ያ ሁሉ የጠበቅነው ሰው ሲመጣ የምንነግረው አልነበረንም። ኤሊ ወደ መሐል አገር ሄዶ በደኅና ኩባንያ ተቀጠረ። እኔ ስሞታ ወደ መቀበሌ ተመለስኩ።

አባባ ዋሴን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ሥራዬ በታሃና መርካዚት በኩል ነበር፤ እሳቸውን ላለማየት በባቡር መሄድ ጀመርኩ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያስረዝምብኛል። አንድ ጊዜ ብቻ በሩቅ አይተውኝ መጥረጊያውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። እጄን አነሣሁና ሄድኩ። ነገ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ስንት ነገ እንዳሳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔ ደግሞ ባቡሩን ለመድኩት።

እናቴ ሞታቸውን ከነገረችኝ ከወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ኩፓት ሆሊም፣ ሄድኩ። ያ ድካም አልለቀኝ ስላለ ሐኪሟ ደም ተመርመሪ ብላ ልካኛለች። ስሜ ተጠርቶ ስገባ ነጭ ልብስ ለብሳ መርፌ የምታዘጋጀው ሚካል ናት። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ክንዴን በላስቲክ አስራ ደም ሥሬን በጣቷ ትፈልግ ጀመር።

«አባባ ዋሴ ሞቱ፤ ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰባታቸው ካለፈ ነው የሰማሁት።»

«እኔ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።»

«አንቺ?»

«ማ ፒቶም ለምን አልሄድም? ጋዲ እኮ እንሂድና እንጋባ ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የእናቱን ፊት አይቼ አልቻልኩም። አሁን አግብቷል፤ ልጅም አለው።» መርፌውን አስገባች። ደሙ መጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ መውረድ ጀመረ። «በናንተም አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ልነግርሽ እፈልግ ነበር። ያን ቀን እናቴ ጠየቀቻቸው። 'እነዚያ ልጆች አውቀው ደብቀውን ነው?' አለቻቸው። 'ልነግራቸው ሄጄ ቢሮው ዝግ ነበር፤ ከናንተ በፊት የሰማ የለም' አሏት። እናቴ አላምን አለች። ድንጋዩን እንደተሸከሙ በኦሪት ማሉላት።»

አንዲት የሞተች ሴት ሁለት ጊዜ መቆጠሯን መደበቅ ያልቻሉ ሰው፣ እኔን ለመደበቅ በኦሪት በሐሰት ምለዋል።

ሚካል ብልቃጡን ቀየረች። «በሐሰት የሚምሉ ሰው እንዳልሆኑ እናውቃለን» አለች። «ለዚህ ነው ስምሽን በክፉ ያላነሣነው።»

ዝም ብል ያልፋል። እሳቸው ሞተዋል፤ አክስታቸውም ሞታለች። ብናገር ደግሞ እኔን ብቻ ሳይሆን የሳቸውን መሐላ ነው የማጋልጠው፤ ዝም ብል ደግሞ መሐላቸውን ተከናንቤ እኖራለሁ። ደሙ ይወርዳል። የሷ ራስ ክንዴ ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

«ሚካል» አልኳት። «ቢሮው ክፍት ነበር።»

ብልቃጡ እስኪሞላ ጠበቀች። ላስቲኩን ፈታች፣ መርፌውን አወጣች፣ ጥጥ አደረገችበትና የገዛ ጣቴን አንሥታ ጥጡ ላይ አስቀመጠችው።

«አጥብቀሽ ያዢ» አለችኝ፤ ቀና ብላ ሳታየኝም የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።